ቡድናችን የሞላ ዕለት

ስለ ራግቢ ሊግ የምታውቁ ካላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ብዙዎቻችሁ እንደማትዘሉት ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እዚህ ስቶክሆልም ውስጥ እንኳ ጨዋታውን የሚያውቀው ሕዝብ አንድ አውቶቡስ ላይ ቢሳፈር ወንበር ይተርፋል። ይህን የምለው የአውቶቡስ ሹፌር ሆኜ ነው። ኳሷ ሞላላ ናት። በእጅ ይዘዋት ይሮጣሉ፣ ማቀበል የሚቻለው ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ ተጋጣሚ ጠምጥሞ መሬት ላይ ይጥላል፣ የወደቀው ይነሳና እንደገና ይሞክራል። ስድስት ጊዜ ከወደቁ ኳሷን ማስረከብ ነው። የተጋጣሚን መስመር አልፎ ኳሷን መሬት ያስነካ ሰው «ትራይ» አገባ ይባላል፤ እንደ ጎል ቁጠሩት። በዋናው ሊግ አንድ ቡድን ዐሥራ ሦስት ሰው ያሰልፋል። እኛ የምንጫወትበት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ግን ለጀማሪና ሰው ላጠረው ተብሎ የተቋቋመ ስለሆነ ዘጠኝ ይበቃ ነበር። እኛ ዘጠኝም መሙላት አቅቶን ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው።

ነገሩን ያመጣብኝ ኒል ነው። ኒል ከሰሜን እንግሊዝ መጥቶ ስዊድናዊት አግብቶ እዚሁ የቀረ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ጋራዥ የሚሠራ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትከሻዬን እንደ በግ ገዢ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ ይህ ትከሻ መሪ ሲያዞር ማርጀቱ ያሳዝናል ብሎ ሜዳ ወሰደኝ። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ጭቃ ላይ መንከባለል ጀመርኩ። ባለቤቴ ሰናይት፣ «ሰው በዚህ ዕድሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጠጋል እንጂ ይፈነከታል?» ብላ ሰነበተች፤ ማሊያዬንም ከሌላው ልብስ ጋር አላጥብም አለች።

ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ። ሹፌርን ሰው የሚያውቀው ከጀርባው ነው። ካርዱን ያስነካል፣ ያልፋል፣ ይወርዳል። ስንት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰው ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሃግሴትራ አድርሼ ፊቴን የሚያውቅ አንድ ተሳፋሪ የለኝም። ሜዳ ላይ ግን አንድ ግዙፍ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ይሮጥብኛል፤ እኔን ብሎ ነው የሚመጣው። ስወድቅ ደግሞ እጁን ዘርግቶ የሚያነሳኝ አለ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ከቤቴ ውጪ እንደዚያ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።

ኒልና እኔ ሁለተኛውን ዲቪዚዮን እንደ ልጅ ነው ያሳደግነው። እሱ የስፖርቱን ማኅበር፣ እዚህ ፎርቡንድ የሚሉትን፣ ይለምናል፤ እኔ ሰው እለምናለሁ። የሃግሴትራን ቡድን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከጋራዥ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር ለቃቅሜ አቋቋምኩ፤ አብዛኛው የእኛው ሰው ነው። ሻርሆልመንና ፋርስታ የሚባሉት ሰፈሮችም ቡድን አወጡ። አራተኛም ነበረን፤ አሰልጣኙ ሚስት ሲያገባ ፈረሰ። ፎርቡንዱ ያወጣው ደንብ ደግሞ አጭር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሰው ሳያሟላ የቀረ ቡድን ይሰረዛል፣ ከሦስት ቡድን በታች ከሆነ ዲቪዚዮኑ ይዘጋል፣ የሜዳውም ሰዓት ለሌላ ይሰጣል። እኛ በበጋው መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ስድስት ሆነን ቀርበን አንገታችንን ደፍተን ተመልሰናል። የቀረን የመጨረሻ ግጥሚያ ከፋርስታ ጋር፣ በገዛ ሜዳችን፣ በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ያን ዕለት ዘጠኝ ካልሞላን ሁሉም ነገር ያከትማል።

ከዚህ ሁሉ ነገር ጋር አብሮኝ የነበረው ኒል ብቻ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ያለው አባቴም ነበር። አባባ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነበር፤ ከእኔ ልደት በፊት ጀምሮ ማለት ይቻላል። ጨዋታው በጭራሽ አልገባውም። «ኳስን በእጅ ይዞ መሸሽ ሌብነት ነው እንጂ ስፖርት አይደለም» ይለኝ ነበር። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ልምምድና ግጥሚያ በኋላ እደውልለታለሁ፤ እሱም አሸነፋችሁ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስንት ሰው መጣ?»

ሰባት ስለው «ጥሩ ነው፣ ከባለፈው ይሻላል» ይላል፤ አምስት ስለው ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ሰው ካልመጣ ነገርየው የለም የሚል እምነት ነበረው። ለሱ ዕድርም ራግቢም አንድ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ስደውልለት ጭንቀቴን ነገርኩት። ለቅዳሜ ደፍሮ ቃል የሰጠኝ ሦስት ሰው ብቻ መሆኑን፣ ግሩፑ ላይ ብጽፍ ብጽፍ የሚመልስልኝ አለመኖሩን አወራሁለት። ሳቀ። ሰሞኑን ሲስቅ ሳል ያቋርጠው ነበር።

«ስማ አንዱ» አለኝ፤ አንዱዓለም ነው ስሜ፣ «በስልክ የተጠራ በስልክ ይቀራል። ደጁ ድረስ ሂድ። ፊትህን እያየ እምቢ ማለት ይከብደዋል።» ከዚያ ቅዳሜ ስንት እንደመጡ እንድነግረው አስጠንቅቆኝ ስልኩን ዘጋ።

እንዳለኝ አደረግሁ። ዓርብ ከሰዓት ሥራዬን እንደጨረስኩ መጀመሪያ ሻርሆልመን ሄድኩ። እዚያ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች የኛ ተጫዋቾች ናቸው። ታላቁ ቅዳሜ ፓስ አለብኝ አለ፤ የሥራ ፈረቃ ማለቱ ነው። ታናሹ ጉልበቱን እያሻሸ ቆመ፤ የትኛው ጉልበቱ እንደሆነ ግን ሁለት ጊዜ ቀያየረው። ከዚያ ፋርስታ ተሻገርኩ። እዚያ የሚኖረው ሌላው ተጫዋቻችን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዘመድ ልደት አለው፣ አዝናለሁ አለኝ፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። አንድም ሰው ሳላገኝ ወደ ሃግሴትራ በሚመለሰው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩን ሰላም አላልኩትም፤ ያን ዕለት እኔም እንደ ተሳፋሪ ሆንኩ።

አመሻሹ ላይ ሄኖክ ቤት ደረስኩ። ሄኖክ የቡድናችን አምበል ነው፤ ለቅዳሜ ግን ሚስቱን ይዞ ኡፕሳላ አማቶቹ ጋ እንደሚሄድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ልለምነው የተዘጋጀሁበት ረጅም ንግግር ነበረኝ። በሩን ሲከፍት ዓይኑ ቀልቷል። አፌን ሳልከፍት «እመጣለሁ» አለኝ። አቅፎኝ ቆየ። አማቶቹስ ስለው ይደርሳል አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የሄድኩበትም ቤት እንደዚያው፤ ሰውየው በሩ ላይ ሆኖ «አይዞህ፣ እንመጣለን» አለ። ሦስተኛው ደግሞ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም ብሎ እጄን አልለቅም አለ፤ ሌላም ሰው ይዤ እመጣለሁ ብሎ ማለልኝ። እኔ ሞኙ፣ ልፋቴ እየሠመረ የመጣ መስሎኝ ነበር። አባባ ልክ ነው፣ ደጅ ድረስ መሄድ እንዲህ ይሠራል አልኩ።

ወዲያው ልነግረው ከመንገድ ላይ ደወልኩ። ስልኩ አልተነሳም። ሽማግሌ ነው፣ ተኝቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቤት ስገባ ሰናይት ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነቃሁ። ሜዳው የእግር ኳስ ስለሆነ የኛ መስመር የለውም፤ ቢጫ ኮኖች መደርደር፣ የጎሉን ቋሚዎች በስፖንጅ መጠቅለል የኔ ሥራ ነው። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ በጊዜ ልውጣ ብዬ ጫማዬን ሳስር ሰናይት ከአልጋ ወርዳ መጣች። ትንሽ ቆይተህ ብትሄድ፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ አለች። ኮን የሚደረድርልኝ የለም አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ስለ ጨዋታው ተስማምታ የማታውቅ ሴት እንዲህ ስትሆን፣ በመጨረሻው ቀን ራርታልኝ ነው ብዬ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ ለረጅም ሰዓት ብቻዬን ነበርኩ። ኮን እደረድራለሁ፣ ነፋስ ይጥላል፣ አነሳለሁ። ከዚያ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ መኪና አቁመው ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ሲቀርቡ ጋሽ ታደለና ሌሎች የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ጋሽ ታደለ በስደት ከመጡት ከቀደሙት አንዱ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቱነልባና ሹፌር ነበሩ፣ እዚህ ደግሞ የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። አንድ ቀን መጥተው እንዲያዩን ስለምናቸው፣ «ሰው ሲደባደብ ቆሞ ማየት ነውር ነው» ብለው የመለሱኝ ሰው ናቸው። አሁን ግን ከነቴርሞሳቸው ቆመዋል።

«በላህ?» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

አልበላሁም ስላቸው አብረዋቸው ያሉት ዳቦና እንቁላል አወጡ። አንዱ ሻይ ቀዳ። ስጎርስ ሁሉም ያዩኛል፤ እንደ ታመመ ልጅ አንድ ጉርሻ ሲቀረኝ እሱንም ጨርስ ይሉኛል። ከጨዋታ በፊት ሆድ መሙላት ጥሩ እንዳልሆነ ልነግራቸው ፈለግሁና ደስታዬ አሸነፈኝ። በስተርጅና ደጋፊ አገኘን ብዬ ቀለድኩ። ጋሽ ታደለ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ወደ ሜዳው ዞር አሉ።

ከዚያ ተጫዋቾቹ መምጣት ጀመሩ። ሄኖክ መጣ። አይዞህ ያሉኝ መጡ። የጉልበቱ ሰውዬ በሁለት ጤነኛ ጉልበት እየተራመደ መጣ፤ ታላቅ ወንድሙም ፓሱን አስቀይሮ ተከትሎታል። ልደት ያለበት ከፋርስታ መጣ። ጨዋታውን አንድ ጊዜ ሞክረው የተዉ ሰዎች ሳይቀሩ ጫማ ተውሰው መጡ። እኔ እቆጥራለሁ፤ ዘጠኝ አለፈ፣ ዐሥር አለፈ። ልቤ እንዴት እንደዘለለች ልነግራችሁ አልችልም። ኒል ሲደርስ ሮጬ ሄጄ፣ ሞልተናል፣ ተቀያሪም አለን አልኩት። ኒል ግራ በተጋባ ፊት አየኝና አቀፈኝ። እንግሊዙ ሰው አያቅፍም ነበር፤ ይህንንም በደስታችን አሳበብኩት።

ሊጀመር ሲል ዳኛው ሁለቱንም ቡድን መሀል ሜዳ ላይ ፊት ለፊት አቆመን። የፋርስታ ልጆች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ቴፕ ጠምጥመዋል። ሄኖክ ወደ ኒል ሮጦ ሄዶ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሲለው፣ ኒልም ደንግጦ ወደ ዳኛው ሲሄድ አየሁ። ከዚያ ዳኛው በስዊድንኛ፣ ሐዘን ስላለ አንድ ደቂቃ በጸጥታ እንቆማለን አለ። የማን ሐዘን እንደሆነ አልተናገረም።

«ማን ሞቶባቸው ነው?» አልኩት ሄኖክን በሹክሹክታ።

«ዝም ብለህ ቁም» አለኝ። ፊቱን በማሊያው ጠረገ።

ቆምኩ። ያን ጊዜ ምን አስብ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁትም። የማእዘኑን ኮን ነፋስ ጥሎት እንደሆነ በዓይኔ እፈልግ ነበር። ሰዎቼን እንደገና እቆጥር ነበር። ለፋርስታዎች ሐዘን ልባዊ ነገር እንዳልተሰማኝ ታወቀኝና አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። ከሜዳው ጠርዝ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል፤ ጋሽ ታደለ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ምን ዓይነት ደግ ሰዎች ናቸው፣ ለማያውቁት ፈረንጅ ያለቅሳሉ አልኩ በልቤ። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ እፎይ ብዬ ወደ ቦታዬ ሮጥኩ።

ጨዋታው ራሱ እንግዳ ነበር። ፋርስታዎች ፔር የሚባል አንድ ግዙፍ ሰው አላቸው፤ ሌላ ጊዜ ሲይዘኝ ሳንባዬ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ ይወጣል። ያን ቀን ግን ኳስ ይዤ ስሮጥበት እንደ እንቁላል አቅፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠኝ። ደግሞም እጁን ዘረጋልኝ። ተናደድኩ። ምን ሆነሃል፣ በደንብ ተጫወት ብዬ ጮኽኩበት። ፔር አንገቱን ደፋ። ከዕረፍት በኋላ ሄኖክ ራሱ ሊያገባ የሚችለውን ኳስ ዞሮ ለኔ አቀበለኝ፤ መስመሩ ጋ ፔር ቆሟል፣ ወደኔ መጣ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። አለፍኩትና ኳሷን መሬት ላይ አሳረፍኳት። በሕይወቴ ያገባሁት የመጀመሪያ ትራይ ነው። ተነስቼ ዞር ስል ሁሉም ወደኔ ይመጣል፤ የኛም የነሱም ተጫዋቾች ያቅፉኛል፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ በደስታ። ስደት ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ውጤቱን አልነግራችሁም። አባባም አይጠይቅም ነበር።

እንደጨረስን ልደውልለት ወደ ቦርሳዬ ሄድኩ። ስልኬ የለም። የመኪና ቁልፌም የለም። ሄኖክን ብጠይቀው፣ ሰናይት መጥታ ወስዳቸዋለች አለ፤ ሰናይት ሜዳው ድረስ መጥታ እንደማታውቅ እያወቀ። የሱን ስልክ እንዲያውሰኝ ስጠይቀው ባትሪዬ አልቋል አለኝ። ጋሽ ታደለ መጡና እኔ አደርስሃለሁ ብለው ክንዴን ያዙ። ጭቃ ነኝ፣ መኪናዎን አበላሻለሁ ብላቸው ምንም አይደል አሉኝ። ልብሴን ሳልቀይር ከፊት ተቀመጥኩ። እያደር ሳስበው የሚገርመኝ፣ በመኪናው ውስጥ ብቻዬን ስለፈልፍ እንደነበር ነው። ዲቪዚዮኑ መትረፉን፣ በሚመጣው ዓመት ሌላ ቡድን እንደምንጨምር፣ የሴቶችም ሊጀመር እንደሚችል አወራሁ።

«አባባ ዛሬ ደስ ይለዋል» አልኳቸው።

ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ባቡር ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ልማድ ነው አልኩ።

የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ፎቅ ጀምሮ ደረጃው ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የወንድ፣ የሴት፣ የሽማግሌ ጫማ። እዚያ ስደርስ እግሬ ቆመ። አባቴ ዕድር ዳኛ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ መርዶ ነጋሪም እሱ ነበር። ልጅ ሆኜ ከሽማግሌዎች ጋር ማለዳ ሲወጣ አየው ነበር። ሕጉንም አውቃለሁ፤ ሰው ሳይበላ አይረዳም፣ ብቻውን ሆኖ አይረዳም፣ የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ አይረዳም። ዳቦውና እንቁላሉ ትዝ አለኝ።

«አባባ ነው?» አልኳቸው።

ጋሽ ታደለ ከኋላዬ ወገቤን ይዘውኛል። «እሳቸው ናቸው ልጄ። ወደ ቤት እንግባ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ከነጭቃዬ ከነማሊያዬ መሬት ላይ መቀመጤን፣ ሰናይት የጫማዬን ማሰሪያ እያለቀሰች ስትፈታ የነበረውን አስታውሳለሁ። የቀረውን ቀስ በቀስ ነው የሰማሁት። አባባ ያረፈው ዓርብ ቀን ነው፤ እኔ ሻርሆልመን ደጅ ለደጅ ስዞር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ለጋሽ ታደለ ደወለ፤ አመሻሹ ላይ ወሬው ሃግሴትራን አዳርሷል። ሄኖክ በሩን ሲከፍትልኝ ገና መስማቱ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ሊያረዱኝ ቤት ድረስ ቢመጡ እኔ ወጥቻለሁ። ደውለው ቢጠሩኝ እደነግጣለሁ፣ ሜዳ ላይ ብቻዬን ሳለሁ ማርዳት ደግሞ ከበዳቸው፤ እንግዲህ ይጨርስ፣ እኛም አብረነው እንሁን ብለው ወሰኑ። ለተጫዋቾቹም ተነገረ። ለግጥሚያ የማይመጣ ሰው ለልቅሶ አይቀርም። ኒል ደግሞ ይህን ሲሰማ፣ እንደ አገሩ ልማድ አንድ ደቂቃ እንድንቆም ለፋርስታዎችና ለዳኛው ነግሮ ጨርሶ ነበር፤ እኔ እንደማላውቅ ሄኖክ የነገረው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። ስም አልተጠራም እንጂ የቆምኩት ለገዛ አባቴ ነው። ያቺን ደቂቃ ኮን ስፈልግ አሳለፍኳት።

ቀብሩም በዚያው ሰዓት ነበር። እዚያ አፈር ሲያለብሱት እኔ እዚህ ሳር ላይ ኳስ አሳርፌ በደስታ አለቅስ ነበር።

ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ጋሽ ታደለን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«ዓርብ ማታ በረራ ነበር። ብትነግሩኝ ለቀብሩ አልደርስም ነበር?»

«ትደርስ ነበር» አሉኝ። አልዋሹኝም። «አየር ላይ ብቻህን ሆነህ ግን ማን ይይዝሃል?»

አባባ በኔ ቦታ ላለ የሰው ልጅ ያንኑ ይል እንደነበር አውቃለሁ። በሱ ሕግ ነው የያዙኝ። ብቆጣ የምቆጣው በሱ ላይ ሊሆን ነው።

ፔርም ልቅሶ መጣ። አበባ ይዞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ከሴቶቹ መሀል ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት። የተንሸራተትከው እውነት ነው ወይ አልኩት። ካፖርቱን ቆልፎ ጨረሰ። ከዚያ፣ አባትህ ሞቶ ነበርኮ አለኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው። በሕይወቴ ያገባኋት አንዲት ትራይ ልቅሶ መድረሻ ነበረች።

ልቅሶ ላይ በተቀመጥኩባቸው ቀናት አንድ የማይረባ ነገር አደረግሁ፤ ሳልፈልግ ሰው ቆጠርኩ። ቤቴ ውስጥ የነበረው ወንድ ለሦስቱም ቡድኖች ይበቃ ነበር፣ አዲስ ቡድንም ያወጣ ነበር። ከሥራ አስፈቅዶ፣ ፓስ አስቀይሮ፣ ሩቅ ድረስ ባቡር ተሳፍሮ የመጣ ሰው ነው። አንዱም ጉልበቱን አላመመውም። አልተቀየምኳቸውም፤ እነሱ ባይኖሩ ያን ሰሞን በእግሬ አልቆምም ነበር። ግን ሰው የሚመጣልኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ከገባኝ በኋላም መልሼ እንዳልገባኝ መሆን አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ፀደይ ዲቪዚዮኑ እንደገና ተጀመረ። ደጅ ለደጅ አልሄድኩም፤ ደወል የምጫንበት ጣት አጣሁ። ለመጀመሪያው ግጥሚያ አምስት፣ ለሁለተኛው አራት ሆነን ቀረብን። ቡድናችን ተሰረዘ፤ ፎርቡንዱም ዲቪዚዮኑን ዘጋው። ኒል ኮኖቹን ከመኪናዬ ሊወስድ ሲመጣ አንድ በአንድ ቆጥሬ አስረከብኩት። በሜዳው ሰዓት አሁን ሕፃናት እግር ኳስ ይለማመዱበታል። አውቶቡሴ በዚያ በኩል ሲያልፍ አያለሁ፤ ብዙ ናቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳንዶቻችሁ ሽማግሌዎቹን ትወቅሱልኝ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ወገን እያለህ ምን ታማርራለህ ትሉኛላችሁ። ሁለቱንም ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አልረዳኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በደግነት ሲያቅፈኝ ማን ሞቶ ነው እላለሁ። ሁለት ሰው አብሮ በሬን ካንኳኳ ፊታቸውን ሳላይ አልከፍትም። ሰናይት ቁርስ ሳትበላ አትውጣ ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ ዓይኗን ነው የማየው። ሥራዬ ላይ ስሆን ይሻለኛል፤ ተሳፋሪው ካርዱን አስነክቶ ያልፋል፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው እነዳለሁ።

ያን ቅዳሜ ሜዳው ላይ ስንት ሰው እንደመጣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።